ምሳሌው እስከ የት ይሄዳል? ለአዲስ አማኞች አስተማሪዎች

ቄራና ጎፋ አካባቢ ላደገ ልጅ በግ ማለት የበዓል ዋዜማ ነው። እግሩ ታስሮ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሲጫን፣ ገዢው ላቱን ዳብሶ ዋጋ ሲከራከር፣ ነጋዴው ከኋላ ሆኖ በዱላ እየነዳ አስፋልት ሲያሻግረው አይቷል። ይህ ልጅ ጌታን ተቀብሎ የአዲስ አማኞች ክፍል ሲገባና ዮሐንስ ምዕራፍ 10ን ሲያነብ በዐይነ ሕሊናው የሚመጣበት ያ ነጋዴ ነው። በወንጌሉ ያለው እረኛ ግን በጎቹን በየስማቸው ይጠራል፣ ያወጣቸዋል፣ ከፊታቸውም ይሄዳል፤ እነሱም ድምፁን ስለሚያውቁ ይከተሉታል (ቁጥር 3 እና 4)። አስተማሪው ይህን ልዩነት ካላነሣ ተማሪው እረኛ የሚለውን ስም እየወደደ፣ ውስጡ ግን ዱላ እየጠበቀ ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ያው ልጅ ኢሳይያስ ምዕራፍ 53 ቁጥር 7 ላይ ሲደርስ ደግሞ ከብዙ ሰው በላይ ይገባዋል። ፍየል ሲታረድ እንደሚጮኽ፣ በግ ግን ዝም እንደሚል በዐይኑ አይቷል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናገኘው ኢትዮጵያዊ ባለ ሥልጣን፣ የሕንደኬ ጃንደረባ፣ ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ያነበበው ይህንኑ ክፍል ነው። የበጉ ሥዕል ግልጽ ስለነበረለት ስለ በጉ አልጠየቀም። የጠየቀው ነቢዩ ይህን ስለ ማን እንደተናገረ ነው፤ ፊልጶስም ከዚያው ክፍል ጀምሮ ስለ ኢየሱስ ነገረው።

ይህ መመሪያ ከጀሞ እስከ ሳሪስ፣ ከለቡ እስከ መካኒሳ ባሉ ቤቶችና አዳራሾች አዲስ አማኞችን ለምታስተምሩ ነው። ምሳሌ ተማሪውን ወደ ጽሑፉ የሚያስገባው እስከ የት እንደሚሄድና የት ላይ እንደሚያበቃ አብሮ ሲነገረው ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ከዚህ የተነሡ ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ቡድናችሁን ትንሽ አድርጉ። ከስድስት እስከ አሥር ሰው ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ ሁለት ሰው ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። በቤት ውስጥ በጥቂት ሰው መማር በአገራችን የተፈተነ መንገድ ነው። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም በደርግ ስትዘጋ አባሎቿ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። በየቤቱ በትንንሽ ቡድን እየተማሩ ቆይተው ደርግ በ1983 ዓ.ም ሲወድቅ 34 ሺህ ገደማ ሆነው ወጡ። እነዚያን ቡድኖች በብዛት ያስተማሩት ተራ ምእመናን ነበሩና ሰርተፍኬት የለኝም ብላችሁ ወደኋላ አትበሉ። ከባድ ጥያቄ ሲገጥማችሁ ደግሞ መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ እዚሁ መካኒሳ ስለሆነ፣ ነገረ መለኮት የተማረ ሰው በክፍለ ከተማችን ማግኘት አይቸግርም። ጠይቃችሁ በሚቀጥለው ሳምንት መልሱ።

ለአንድ ቀን አንድ ክፍል፣ ለአንድ ክፍል አንድ ሥዕል ብቻ ያዙ። በአንድ ትምህርት አራት ምሳሌ የሚደረድር አስተማሪ ተማሪውን ያስደስተዋል፤ ተማሪው ቤቱ ሲገባ ግን የቱ ከየትኛው ጥቅስ ጋር እንደነበር አያስታውስም።

ሦስት ዓይነት ምሳሌዎችን ለዩ

በክፍላችሁ ምሳሌ የሚባሉት ነገሮች ሥልጣናቸው እኩል አይደለም። የመጀመሪያው ጌታና ነቢያት ራሳቸው የተናገሩት ነው፦ የዘሪው፣ የጠፋችው ድሪም፣ ናታን ለዳዊት የነገረው የድኻው በግ። ሁለተኛው መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ የቀደመውን ነገር የኋለኛው ጥላ ነው ብሎ የሚያገናኘው ነው። በዘኍልቍ 21 ሙሴ የሰቀለው የናስ እባብ በዮሐንስ 3 ቁጥር 14 ከክርስቶስ መሰቀል ጋር ይነጻጸራል፤ ጳውሎስ በሮሜ 5 አዳምን፣ በገላትያ 4 አጋርንና ሣራን እንዲሁ ያነሣል። ሦስተኛው እናንተ ከሕይወት የምታመጡት ነው፦ ስልኩ፣ ታክሲው፣ እድሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተጻፉ ናቸው። ሦስተኛው የእናንተ ስለሆነ ሊሳሳት ይችላል።

አዲስ አማኝ ይህን ልዩነት አያውቅም፤ የሰማውን ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ገጽ ላይ ይጽፋል። ከወራት በኋላ የእናንተን ምሳሌ "መጽሐፉ እንዲህ ይላል" ብሎ ለጎረቤቱ ሲነግር ትሰሙታላችሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ደብተሩን ለሁለት እንዲከፍል አድርጉት። ከፊት የተጻፈውን፣ ከጀርባ ደግሞ አስተማሪው ለማስረዳት ያመጣውን ይጻፍ። እናንተም ስትናገሩ "ይህ የእኔ ምሳሌ ነው፣ ወደ ኋላ ገጽ" በሉ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን ከዚህ የበለጠ የጠቀመኝ ልማድ የለም።

አንደኛ፦ ጽሑፉን በሁለት ትርጉም አስነብቡ

ምሳሌያችሁን ከማምጣታችሁ በፊት ክፍሉ ጮክ ተብሎ ይነበብ። አንዱ ከ1954ቱ ትርጉም ያንብብ፣ ሌላው ከአዲሱ መደበኛ ትርጉም ይከተል። ሁለቱም በስልክ ስለሚገኙ መጽሐፍ የለኝም የሚል አይኖርም። ከዚያ ሁሉም መጽሐፉን ይዝጋና አንድ ሰው ታሪኩን በራሱ አነጋገር ይናገር፤ የዘለለውን ሌሎቹ ይሙሉለት። እናንተ ዝም በሉ። ይህ አሥር ደቂቃ ይወስዳል፤ ማንም እንዲያሳጥርባችሁ አትፍቀዱ። ከኦርቶዶክስ ቤት የመጡ ተማሪዎች በዚህ ጊዜ ከልጅነታቸው በሥዕልና በስብከት የሚያውቁትን ታሪክ ይጨምራሉ። አታሸማቅቋቸው። ታሪኩን አስቀድመው በማወቃቸው አመስግኑና በክፍሉ ያለውንና የሌለውን አብራችሁ ፈልጉ።

ቀጥላችሁ ይህ ነገር የተነገረው ለማን ጥያቄ መልስ ሆኖ እንደሆነ ጠይቁ። በሉቃስ 10 የደጉ ሳምራዊ ታሪክ የመጣው አንድ የሕግ ዐዋቂ ባልንጀራው ማን እንደሆነ ስለጠየቀ ነው። በሉቃስ 15 ሦስቱ ታሪኮች የመጡት ፈሪሳውያን ጌታ ከኃጢአተኞች ጋር በመብላቱ ስላጉረመረሙ ነው። ጥያቄውን የያዘ ተማሪ የምሳሌውን አቅጣጫ ይዟል።

ሁለተኛ፦ ሥራውን የሚያውቀው ሰው ይናገር

ሥዕሉ ራሱ ካልታወቀ የሚያመለክተው ነገር አይታወቅም። ይህን ሥራ ደግሞ ከአስተማሪው በተሻለ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ አለ።

ማቴዎስ 13 ቁጥር 33 ላይ ስለ እርሾ ስናጠና፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱት ልጆች እርሾ የመንግሥተ ሰማይ "ኃይል" መሆኑን በየተራ አስረዱ። ለሆቴሎች እንጀራ ጋግራ የምታስረክብ አንዲት እናት ጥግ ላይ ተቀምጣ ዝም ብላ ታዳምጥ ነበር። እትዬ፣ እስቲ እርሾን አንቺ ንገሪን አልኳት። መጀመሪያ አፈረች። ቀጥላ እርሾው ካለፈው ሊጥ የተረፈ መሆኑን፣ ሲጨመር ከሊጡ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት መሆኑን፣ ቡሃቃውን ከድና ከተወችው በኋላ ምንም ሳትነካው ሥራው እንደሚቀጥል፣ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ውኃው ከላይ ሲጠልል እንደምታቀርረው፣ አብሲት ጥላ እስኪነሣ እንደምትጠብቅ ነገረችን። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ጋሼ፣ አንዴ ከገባ በኋላ ማን ለይቶ ያወጣዋል?" አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጌታ የተናገረው የተሰወረ፣ ትንሽ፣ ሁሉንም እስኪያቦካ የማያቆም ነገር በሙሉ በንግግሯ ውስጥ ነበር። እኔ የጨመርኩት ነገር ቢኖር በወንጌሉ ያለው የስንዴ ሊጥ መሆኑን ብቻ ነው።

ሰናፍጭን በጾም ወራት ሰናፍጭ የምታዘጋጅ ሰው ታምጣው፤ ፍሬውን በመዳፏ ይዛ ታሳያቸው። የዘሪውን ታሪክ ገጠር ያደገ ሰው ይናገር። ጀሞና ለቡ ዛሬ ፎቅ የቆመባቸው ቦታዎች ትናንት እርሻ እንደነበሩ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሁንም በሰፈሩ አሉ። ጤፍ በእጅ እየተበተነ ሲዘራ ዘሩ መንገድ ላይም ሊወድቅ እንደሚችል፣ የሰውና የከብት እግር የደበደበው አፈር ዘርን እንደማይቀበል ከእነሱ አፍ ሲሰማ፣ የከተማው ልጅ ዘሪው ለምን ዘሩን መንገድ ላይ "አባከነ" ብሎ መጠየቁን ይተዋል።

ሦስተኛ፦ እያንዳንዱን ዕቃ አትፍቱ

ይህ አዲስ አማኞች በጣም የሚወዱት፣ እኔም በጣም የምፈራው ቦታ ነው። የደጉ ሳምራዊን ታሪክ ሲያነቡ ዘይቱ ምንድን ነው፣ ወይኑ ምንድን ነው፣ ሁለቱ ዲናሮች ምንድን ናቸው፣ የእንግዶች ማደሪያው ማን ነው እያሉ ይጠይቃሉ። ከእነሱ በፊት ታላላቅ አባቶችም ጠይቀዋል። አውግስጢኖስ ቁስለኛውን አዳም፣ ሳምራዊውን ክርስቶስ፣ ማደሪያውን ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ተርጉሟል። በዚያ ትርጉም ውስጥ ያለው እምነት እውነት ነው፤ ግን የሕግ ዐዋቂው ጥያቄ ጠፍቷል። ጌታ ታሪኩን ሲጨርስ የጠየቀው ከሦስቱ ማን ለተደበደበው ሰው ባልንጀራ እንደሆነ ነው፤ ያዘዘውም እንዲሁ እንዲያደርግ ነው። ተማሪው ዲናሮቹን ፈትቶ ሲደሰት፣ ደጁ ላይ የወደቀውን ሰው አልፎት ሊሄድ ይችላል።

የምትከተሉት ደንብ ቀላል ነው። ጌታ ራሱ ዝርዝሩን በፈታበት ቦታ፣ እንደ ዘሪውና እንደ እንክርዳዱ (ማቴዎስ 13)፣ ተከተሉት። ባልፈታበት ቦታ ዋናውን ነገር ይዛችሁ ዝርዝሩን ተዉት።

ስለ አንድምታ ትርጓሜ የሚጠይቁ ተማሪዎች አሉ፤ መጠየቃቸውም ተገቢ ነው። ለአንድ ንባብ "አንድም" እያለ ሌላ ሌላ ትርጓሜ የሚያስከትለው የኢትዮጵያ ሊቃውንት ሥርዓት ትልቅ ሀብት ነው። በብሉይ፣ በሐዲስ፣ በሊቃውንትና በመነኮሳት ጉባኤ የሚያልፍ ደቀ መዝሙር ግን ለዓመታት ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ንባቡን አጥንቶ ነው ወደዚያ የሚደርሰው። ትርጓሜው ቢበዛ የሚጠብቀው አጥር አለው። አዲስ አማኝ ያ አጥር ስለሌለው "አንድም" ማለቱን ይወስድና ንባቡን ይተዋል። ከሊቃውንቱ አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ልትወስዱ ትችላላችሁ፦ ንባቡን ሳይናገሩ ወደ ትርጓሜ አይሄዱም። እናንተም አትሂዱ።

ሰምና ወርቅን ለማስረጃ የምታመጡ አስተማሪዎች ብዙ ናችሁ፤ ተማሪው ስለሚያውቀው ቶሎ ይገባዋል። ሆኖም ከዋድላ እስከ ዋሸራ ባሉ ጉባኤ ቤቶች እንደሚታወቀው ባለ ቅኔው ወርቁን ሆን ብሎ ይሸሽጋል፣ ሰሚውም ወርቁን ካገኘ ሰሙን ይተወዋል። የጠፋው ልጅ ታሪክ እንዲህ አይፈታም። አባቱ ከሩቅ አይቶት ሮጦ አንገቱን ማቀፉ የሚጣል ሰም አይደለም፤ ተማሪው እዚያው ሩጫው ላይ ይቆይ።

አራተኛ፦ ወደ ሰፈራችሁ አምጡት፣ ከዚያ ፈትኑት

አሁን የራሳችሁ ምሳሌ ተራ ደረሰ። አንዱን አብረን እንፈትነው።

በጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስታስተምሩ ጸጋን በቤት ዕጣ ማስረዳት በጣም ይማርካል። ሰውየው ቤቱን አልገነባም፣ ስሙ ወጣለት፣ ቁልፍ ተቀበለ። ኤፌሶን 2 ቁጥር 8 እና 9 ደግሞ መዳን ከሥራ ያልሆነ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን ይናገራል። ሁለቱ የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ነው፦ ሰውየው ቤቱን በእጁ አልሠራውም። አሁን የማይመሳሰሉበትን ቁጠሩ። ባለ ዕድሉ ተመዝግቦ፣ ቆጥቦ፣ ለዓመታት ጠብቋል። በ20/80 መርሐ ግብር 20 በመቶውን ራሱ ከፍሏል፤ 80 በመቶው የባንክ ብድር ስለሆነ ገና ለዓመታት በየወሩ ይከፍላል። ዕጣው ማንንም ሳያውቅ፣ ሳይወድ ያወጣል። ስሙ ያልወጣለት ጎረቤቱ ደግሞ ተመሳሳይ ቁጠባ ይዞ በኪራይ ቤት ቀርቷል። ይህን ምሳሌ ሳትፈትኑ ከተዋችሁት ተማሪያችሁ ጸጋን በዕድል የሚገኝ፣ ቆይቶም በወርኀዊ ክፍያ የሚጠናቀቅ አድርጎ ይረዳዋል። በሚቀጥለው ዓመት ስለ አሥራት ስታስተምሩት የባንኩን ክፍያ ያስታውሳል።

ለጸጋ ስለማይሆን ተዉት። ቤቱን ግን አትተዉት፤ ለሌላ ክፍል በእጅጉ ይጠቅማል። ማቴዎስ 18 ላይ አሥር ሺህ መክሊት ዕዳ የተተወለት ባሪያ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አንቆ ይይዛል። በየወሩ የባንክ ክፍያ የሚቆጥር ቤተሰብ ዕዳ ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግረው አያስፈልገውም። ቆላስይስ 2 ቁጥር 14 ላይ የዕዳው ጽሕፈት ተደምስሶ በመስቀል መቸንከሩን ስታስነብቡ፣ የብድር ውሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ሰው ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ያነበዋል።

ልጅነትን በጉዲፈቻ ማስረዳት ደግሞ ሩቅ ይወስዳል። ሮሜ 8 ከቁጥር 15 ጀምሮና ገላትያ 4 ከባርነት ወጥቶ ልጅና ወራሽ ስለ መሆን ይናገራሉ። በክፍለ ከተማችን ብዙ ተማሪዎች በኦሮሞ ባህል ያለውን የጉዲፈቻን ክብር ከቤታቸው ያውቁታል፤ የቤተሰብ ሕጉም (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የጉዲፈቻ ልጅን እንደ ተወለደ ልጅ ይቆጥረዋል። ግን ከመናገራችሁ በፊት በክፍሉ ማን እንደተቀመጠ እወቁ። "እንደ ልጄ አሳድገዋለሁ" ተብሎ ከገጠር የመጣና ለባለቤቶቹ ልጆች ዩኒፎርም ሲገዛ ለሱ ባልዲና መጥረጊያ የተሰጠው ሰው በመካከላችሁ ሊኖር ይችላል። ልጅነት ማለት ለሱ ያ ቤት ነው። ጳውሎስ በዚያው ቁጥር ላይ ልጅን ከባሪያ ለይቶ ያስቀመጠው ለዚህ ሰው የተጻፈ እስኪመስል ድረስ ይደርስለታል። ስለዚህ ከጉዲፈቻ ጀምራችሁ አትቁሙ፤ የባሪያንና የልጅን ልዩነት ጽሑፉ ራሱ እስኪናገረው ድረስ ሂዱ። እኔ በዚህ ክፍል ላይ ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ ያን ቀን ትምህርቱን እዚያው አቁሞ መጸለይ ይሻላል።

እድርን ለ1ኛ ቆሮንቶስ 12 መጠቀም ቀላል ነው። አንዱ ሲያዝን ሁሉም ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይደረድራል። የሚለይበትንም ተናገሩ፦ ከእድር ወርኀዊ መዋጮ ያልከፈለ ይሰረዛል፤ የአካል ብልት ግን ስለደከመ ከአካሉ አይቆረጥም፤ ጳውሎስ እንዲያውም ደካማው ብልት የበለጠ አስፈላጊ ነው ይላል።

አምስተኛ፦ የሚያልቅበትን ቦታ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ

በሰሌዳ ወይም በካርቶን ላይ ሦስት ጥያቄ ጻፉና ሁልጊዜ ግድግዳ ላይ ይኑር። በምን ይመሳሰላል? በምን አይመሳሰልም? ጽሑፉ የሚለው የቱን ነው? በየትምህርቱ፣ በየምሳሌው ሦስቱንም ተማሪዎቹ ይመልሱ። ሁለተኛውን ጥያቄ መጠየቅ ምሳሌያችሁን ያዋርደዋል ብላችሁ አትፍሩ።

ይህ ከየትም በላይ የሚያስፈልገው ስለ ሥላሴ ስታስተምሩ ነው። ውኃ፣ በረዶና እንፋሎት የሚለው ምሳሌ ለልጅም ለአዋቂም ቶሎ ስለሚገባ በሁሉም ቦታ ይነገራል። ግን አንዱ ውኃ ነው አንዴ በረዶ፣ አንዴ እንፋሎት የሚሆነው። ይህ አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ አንዱ አካል በየጊዜው የለወጣቸው መልኮች ናቸው የሚለውን ትምህርት ያስተምራል፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከ3ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይህን የሰባልዮስን ስሕተት ስትቃወም ኖራለች። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሊቃውንት በምሥጢረ ሥላሴ ትምህርት የሚያመጡት የፀሐይ ምሳሌ፣ ክበቧ፣ ብርሃኗና ሙቀቷ፣ ከዚህ ይሻላል፤ ሦስቱ በአንድ ጊዜ አብረው አሉና። እሱም ቢሆን ያልቃል፤ ብርሃንና ሙቀት አካል የላቸውም፣ አይናገሩም፣ አይወዱም። እኔ የምመክረው ሁለቱንም ከማምጣታችሁ በፊት ማቴዎስ 3 ቁጥር 16 እና 17ን አስነብባችሁ ወልድ ከውኃው ሲወጣ፣ መንፈስ ሲወርድ፣ አብ ከሰማይ ሲናገር በአንድ ጊዜ እንዲያዩ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ የውኃው ምሳሌ ለምን እንደማይሠራ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል።

ሥዕሉን በሌላም መጽሐፍ ውስጥ አስፈልጓቸው። በማቴዎስ 13 መንግሥተ ሰማይን የሚያስረዳው እርሾ በማቴዎስ 16 የፈሪሳውያንና የሰዱቃውያን ትምህርት ነው፣ በ1ኛ ቆሮንቶስ 5 ደግሞ ከቤት መጥፋት ያለበት ኃጢአት። አንበሳ በራእይ 5 ክርስቶስ ነው፤ በ1ኛ ጴጥሮስ 5 ሰይጣን ነው። ተማሪው እርሾ ሁልጊዜ ይህ ነው፣ አንበሳ ሁልጊዜ ያ ነው የሚል ዝርዝር መሥራት ከጀመረ እነዚህን አምስት ክፍሎች ጎን ለጎን አስነብቡት።

ስድስተኛ፦ ፍርዱን ለተማሪው ተዉለት

ናታን በ2ኛ ሳሙኤል 12 ወደ ዳዊት ሲገባ የድኻውን በግ ታሪክ ብቻ ነበር የተናገረው። በሀብታሙ ላይ የተቆጣው፣ የፈረደውም ዳዊት ነበር፤ ነቢዩ ጣቱን ወደ ንጉሡ ያዞረው ፍርዱ ከንጉሡ አፍ ከወጣ በኋላ ነው። ኢሳይያስም በምዕራፍ 5 የወይን ቦታውን ከገለጸ በኋላ የኢየሩሳሌምን ሰዎች ራሳቸው እንዲፈርዱ ይጠይቃል። እናንተም ታሪኩን ተናግራችሁ ትርጉሙን ቶሎ አትስጡ። "እናንተ ብትሆኑ ምን ትፈርዳላችሁ?" በሉና ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፤ ግን ታገሡት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በክፍሉ ውስጥ ስላለ ሰው መሆኑ ሁሉም የሚያውቀውን ምሳሌ አታምጡ። ባሏ ጥሏት የሄደ እህት በተቀመጠችበት ስለ ተጣለች ሚስት ታሪክ መፍጠር ትምህርት አይሆንም። ለአንድ ሰው የሚነገር ነገር ካለ ለብቻው፣ በቡና ላይ ይነገር።

የስምንት ሳምንት ቅደም ተከተል

በማርቆስ 4 ከቁጥር 1 እስከ 20 ጀምሩ። ጌታ ራሱ ይህን ያልተረዳ ሌሎቹን እንዴት ይረዳል ብሎ ስለጠየቀ (ቁጥር 13) መግቢያ የሚሆነው እሱ ነው፤ ደግሞም ምሳሌ እንዴት እንደሚፈታ ከጌታ ከራሱ ያዩበታል። ሁለተኛ ሳምንት ሉቃስ 15፣ ሦስተኛ ማቴዎስ 13 ከቁጥር 31 እስከ 33፣ አራተኛ ዮሐንስ 10። አምስተኛው ላይ ኢሳይያስ 53ንና የሐዋርያት ሥራ 8ን አጣምሩ፤ ሁለቱ የበግ ሳምንታት ሲከታተሉ ከፊት የሚመራው እረኛና ዝም ብሎ የታረደው በግ አንድ መሆናቸውን ተማሪዎቹ ሳትነግሯቸው ያገኙታል። ስድስተኛ ዘኍልቍ 21 ከዮሐንስ 3 ጋር፣ ሰባተኛ 1ኛ ቆሮንቶስ 12፣ ስምንተኛ ሮሜ 8።

በየሳምንቱ መጀመሪያ ያለፈውን አስደግሙ፤ ሲደግሙ ግን የእናንተን ምሳሌ እንዳይጠቅሱ ከልክሉ። ክፍሉን ራሱን ይናገሩ። ስለ እድሩ አስታውሰው ጳውሎስ የጻፈውን ከረሱ ምሳሌያችሁ ክፍሉን ውጦታልና በሚቀጥለው ጊዜ አሳጥሩት ወይም ጭራሽ ተዉት።

ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ ምሳሌ የሚያመጡት ተማሪዎቹ ይሁኑ። ተራ አስይዟቸውና የሳምንቱን ክፍል ሐሙስ ማታ በስልክ ላኩላቸው፤ ከየራሳቸው ሥራ አንድ ነገር ይዘው ይምጡ። የታክሲ ረዳቱ ከታክሲው፣ ነርሷ ከሆስፒታሉ፣ ልብስ ሰፊው ከመኪናው። የሚያመጡት ብዙ ጊዜ ከእናንተ ይበልጣል። ሲሳሳቱ በመሐል አታቋርጧቸው፤ ይጨርሱ፣ አመስግኗቸው፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያሉትን ሦስት ጥያቄዎች ሌሎቹ ተማሪዎች ይጠይቋቸው። ስሕተቱ የአቀራረብ ከሆነ ለሌላ ቀን ይደር። ስለ እግዚአብሔር ማንነት ወይም ስለ መዳን የተሳሳተ ነገር ከተናገሩ ግን ሰዓቱ ቢያልፍም፣ ቤተሰብ ቢጠብቅም ያው ክፍል እንደገና ተነብቦ ሳይታረም ማንም ከቤቱ አይውጣ።